ከጦር ሜዳ የተመለሰ ጠመንጃ ለዋላ አደን ሲውል

መሣሪያ ሁሉ የተሠራበት ጉዳይ አለው። ለአንዱ ጉዳይ የተሠራው ለሌላው ሲውል ባለቤቱ አስቀድሞ መመርመርና መጠንቀቅ ይገባዋል። ይኸንን ነገር በግልጥ ከሚያሳዩት አንዱ፥ በአሜሪካ አገር በብዙ ቤተ ሰብ የተለመደው፥ ከሠራዊት የተረፈውን የጦር ጠመንጃ ለዋላ አደን የማዋል ልማድ ነው። አያቱ የገዛውን ጠመንጃ አባት ይይዘዋል፤ አባትም ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ አብሮት ወደ ዱር ወጥቶ ያስረክበዋል። ልማዱ ከአገራችን የመሣሪያ ፍቅር ጋራ የሚቀራረብ ስለ ሆነ፥ ጥቅሙንና ጕዳቱን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ዋላ ስንል በአሜሪካ ጫካ የሚኖረውን ነጭ ጭራ ያለውን እንስሳ ማለታችን ነው፤ በአገራችን አጋዘን የምንለው አይደለም። የአጋዘን ቀንድ ዕድሜ ልኩን ከራሱ አይለይም፤ የዋላ ቀንድ ግን በየዓመቱ ወድቆ እንደ ገና ይበቅላል። በኢትዮጵያ ምድር የዋላ ወገን የለም።

የልማዱ አዠማመር እንዲህ ነው። በ1905 የወጣ ሕግ፥ መንግሥት ከሠራዊቱ የተረፈውን ጠመንጃ ለተኩስ መማሪያ ማኅበሮች እንዲሸጥ ፈቀደ። ክራግ የሚባለው ጠመንጃ ስፕሪንግፊልድ በተባለው በ1903 ሞዴል ከተተካ በኋላ፥ ለብዙ ሰዎች በጥቂት ዶላር ተሸጠ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የጀርመን ሞዘር፥ የእንግሊዝ ሊ ኤንፊልድና የኢጣልያ ካርካኖ በመርከብ እየተጫኑ ገቡ። ገበሬውም የፋብሪካ ሠራተኛውም በፖስታ አዝዞ ከቤቱ ሳይወጣ ይቀበል ነበር። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የተገደሉበት ጠመንጃ እንዲሁ በፖስታ የተገዛ ካርካኖ ነበረ። ካርካኖ በ1935 ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ወታደሮቿ ይዘውት የመጡት ጠመንጃ መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ። ከዚህ በኋላ በ1968 የወጣው ሕግ ጠመንጃን በፖስታ ከግዛት ወደ ግዛት መሸጥንና የሠራዊት ትርፍ ከውጭ ማስገባትን ከለከለ። በ1984 ግን ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ የታሪክ ጠመንጃዎች እንዲገቡ እንደ ገና ተፈቀደ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1899 በሄግ ከተማ የተሰበሰቡት መንግሥታት፥ በሰው ገላ ውስጥ ገብቶ የሚሰፋ አረር በጦርነት እንዳይተኰስ ተስማሙ። ስለዚህ የጦር ጥይት እርሳሱ በጠንካራ ብረት ልብስ ተሸፍኖ ይሠራል፤ ሲመታም ሳይሰፋ በስቶ ያልፋል። ለአደን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ይኸው ጥይት ዋላን ሲመታ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ከፍቶ ስለሚወጣ፥ እንስሳው ደሙን ሳያንጠባጥብ ሸሽቶ ከአዳኙ ዓይን ርቆ በሥቃይ ይሞታል። ሥጋውም ለዱር አውሬ እንጂ ለሰው አይተርፍም። ስለዚህ በአሜሪካ በአያሌ ግዛቶች በጦር ጥይት ዋላ መግደል በሕግ የተከለከለ ነው፤ አዳኙ ጫፉ ለስላሳ የሆነ፥ ሲመታ የሚሰፋ ጥይት እንዲገዛ ይገደዳል። እንግዲህ በጦር ሜዳ በርኅራኄ የተከለከለው አረር፥ በአደን በርኅራኄ የታዘዘ ሆነ። ጠመንጃው ያው ሲሆን ጥይቱ ሌላ መሆን እንዳለበት ያላወቀ ሰው፥ ምንም ጥሩ አልሞ ተኳሽ ቢሆን ጨካኝ ከመሆን አይድንም።

በጕልበት በኩል ከሠራዊት የተረፉት ጠመንጃዎች ለዋላ ይበቃሉ። የስዊድን ሞዘር አረር 6.5 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፥ በዚያ አገር ከዋላ እጅግ የሚበልጠው ትልቅ እንስሳ ይታደንበታል። እንስሳን በፍጥነት የሚጥለው የአረሩ ውፍረት ሳይሆን ከትከሻው በስተኋላ በልቡና በሳንባው ላይ መግባቱ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የጠመንጃውን ጤንነት መመርመር ነው። አሮጌ ጠመንጃ በውጭ ሲያዩት ያማረ ሆኖ በውስጡ አደጋ ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ቍጥራቸው ከ800,000 በታች ሆነው የተሠሩት የ1903 ሞዴል ጠመንጃዎች፥ ብረታቸው በእሳት ከልክ በላይ ስለ ተቃጠለ ተሰባሪ ሆነው በመገኘታቸው፥ ዐዋቂዎች አይተኰስባቸው ይላሉ። በጀርመንም ሠራዊት የጥንቱ 8 ሚሊሜትር አረር ስፋት 8.08 ሚሊሜትር ነበረ፤ በ1905 ግን 8.20 ሆነ። በጥንቱ ጠባብ አፈሙዝ አዲሱን ሰፊ አረር የሚተኵስ ሰው ጠመንጃውንም ራሱንም ለአደጋ ይሰጣል። እንዲሁም መቀርቀሪያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ እንደ ሆነ፥ በእርሱና በጥይቱ ማደሪያ መካከል ያለው ልክ ይፋለሳል፤ በዚህ ጊዜ ቀለሁ ተቀድዶ የሚነድ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ በመቀርቀሪያውና በአካሉ ላይ የተጻፈው ቍጥር አንድ መሆኑን ማየት፥ ከዚያም መለኪያ ባለው የጠመንጃ ሠራተኛ ማስመርመር የመዠመሪያ ሥራ ነው።

አሮጌ የጦር ጥይት ሌላም ጠንቅ አለበት። እሳት የሚጭረው ቅመም ሲቃጠል በአፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨውም የአየሩን ርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል። ብዙ ሰው ዘይት ቀብቶ ያጸዳው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጨውን የሚያሟሟው ውኃ እንጂ ዘይት አይደለም። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ጥይት የተለማመደ ሰው፥ በዚያው ቀን አፈሙዙን በፈላ ውኃ አጥቦ፥ ፈጽሞ አድርቆ፥ ዘይቱን በመጨረሻ ይቀባል።

ሦስተኛው ነገር ማነጣጠሪያው ነው። የጦር ጠመንጃ በሩቅ በተሰለፈ ጠላት ላይ እንዲተኰስ ታስቦ የተሠራ ነው። በመዠመሪያው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደር የያዘው ሞዘር፥ ማነጣጠሪያው ዝቅ ሲል እንኳ ለ400 ሜትር የተለካ ነበረ። በጫካ ውስጥ ዋላ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት ስለ ሆነ፥ ልኩን ሳያውቅ የሚተኵስ አረሩን በእንስሳው ጀርባ በላይ ያሳልፋል፤ ወይም አከርካሪውን ጨርፎ ያቈስለዋል። ስለዚህ ከአደኑ ወራት በፊት በወረቀት ዒላማ ላይ፥ ለአደን በሚይዘው ጥይት እየተኰሰ፥ ጠመንጃው ወዴት እንደሚመታ ማወቅ አለበት። አምስት ጥይት ተኵሶ አምስቱን በአንድ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ስፋት ውስጥ ለማግባት በማይችልበት ርቀት፥ በሕያው ፍጥረት ላይ መተኰስ አይገባውም።

በቤት ውስጥ ያለውም ጥንቃቄ ከዱሩ አያንስም። ጠመንጃው ወደ ቤት ሳይገባ ጥይቱ ይወጣል፤ ጠመንጃው በአንድ ስፍራ፥ ጥይቱ በሌላ ስፍራ ይቈለፋል። ልጅ ጠመንጃ መያዝ የሚማረው በአባቱ ወይም በአጎቱ ፊት ነው፤ የመዠመሪያው ትምህርቱም መተኰስ ሳይሆን፥ መሣሪያ ሁሉ የጐረሰ መስሎ ሊታየው እንደሚገባ ነው።

የቀረው ክርክር የመለወጥ ነገር ነው። ቀድሞ ጠመንጃው ርካሽ በነበረ ጊዜ፥ አሜሪካውያን ሰደፉን እያሳጠሩ፥ አፈሙዙን እየቈረጡ፥ መነጽር ለመትከል ብረቱን እየበሱ ለአደን ያመቻቹት ነበር። ዛሬ ግን ያልተነካው ጠመንጃ ዋጋው ከተቈረጠው እጅግ ይበልጣል፤ የተቈረጠውም ተመልሶ አይቀጠልም። ይህ ነገር እኛንም ይነካል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ተሻግረው ተሽጠዋል፤ ከነርሱም መካከል በዘመነ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤልጅግ የተገዙ፥ የይሁዳ አንበሳ ምልክት የተቀረጸባቸው ሞዘሮች ይገኛሉ። ለባዕድ አዳኝ ምልክቱ ጌጥ ነው፤ ለእኛ ግን የአባቶቻችን ስም ነው። ለአደን የሚሻ ሰው አዲስ የአደን ጠመንጃ ይግዛ፤ የታሪክ ምልክት ያለበትን ግን ሳይቈርጥና ሳይበሳ ይጠብቀው።

በአገራችን መሣሪያ ለመያዝም ሆነ ለማደን የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአባቱ ውጅግራ ወይም ምንሽር በቤቱ የሚገኝ ሰው፥ በሕግ አስመዝግቦ፥ ጥይቱን ለይቶ፥ ዝገቱን አስለቅቆ፥ ማን እንደ ያዘውና በየትኛው ዘመቻ እንደ ዋለ በወረቀት ጽፎ ለልጆቹ ቢያስቀምጥ ይሻላል። ጠመንጃ ዝም ያለ ዕቃ ነውና፥ ባለቤቱ ያልጻፈለትን ታሪክ ራሱ ሊናገር አይችልም።