የበረራ ሙከራ መለኪያ መሐንዲስ እንዴት ይሠለጥናል?

የምህንድስና ተማሪ ሆነን እንኳ ስማቸውን ሳንሰማ የምንመረቅባቸው ሙያዎች ብዙ ናቸው። በዚህ እትም ስለ አንዱ እናወራለን።

ግዙፉ ኤርባስ ኤ380 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 2005 ከፈረንሳይዋ ቱሉዝ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ውስጡ የነበሩት 6 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከእነሱም 3ቱ የበረራ ሙከራ መሐንዲሶች ነበሩ። 3 ሰዓት ከ54 ደቂቃ በፈጀው በረራ ሥራቸው አውሮፕላኑ የሚሰጠውን ቁጥር መከታተል ነበር። ቁጥሩስ ከየት ይመጣል? ክንፉ ስንት እንደታጠፈ፣ ሞተሩ ስንት እንደሞቀ፣ አየሩ በምን ያህል ግፊት እንደሚመታ በራሱ የሚናገር አካል የለም። ሴንሰሩን መርጦ የሚተክል፣ ሽቦውን የሚዘረጋ፣ ምልክቱን ወደ ዲጂታል ቀይሮ የሚቀዳና በሬዲዮ ወደ መሬት የሚልክ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው የበረራ ሙከራ ኢንስትሩመንቴሽን መሐንዲስ ይባላል። በትልቅ አውሮፕላን ላይ የሚለኩት ነገሮች በሺዎች ይቆጠራሉ። የሙከራ ሽቦዎችና ሣጥኖች አብዛኛውን ጊዜ ብርቱካናማ ናቸው፤ ከአውሮፕላኑ ከራሱ ሽቦ ጋር እንዳይምታቱ፣ ሙከራው ሲያልቅም አንድ ሳይቀር ተለቅመው እንዲወጡ ነው።

ችግሩ ይህን ሙያ ሙሉ አድርጎ የሚያስተምር ዲፓርትመንት አለመኖሩ ነው። የኤሌክትሪካል ልጅ ምልክትን ያውቃል፤ ክንፍ በምን ምክንያት እንደሚንቀጠቀጥ ግን አልተማረም። የሜካኒካል ልጅ ክንፉን ያውቃል፤ ናሙና አወሳሰድ ላይ ሲደርስ ይደናገራል። የሶፍትዌር ልጅ ደግሞ ፋይሉ ከተከፈተለት ቁጥሩ ትክክል ይመስለዋል። (ይቅርታ፣ ጓደኞቻችን!) ስለዚህ ሥልጠናው ከምረቃ በኋላ ሆን ተብሎ መዘጋጀት አለበት። ሲዘጋጅ ደግሞ የሚቀናው መንገድ የዕቃዎቹን ማኑዋል ማስተማር ነው፦ ይህ ሣጥን እንዲህ ይከፈታል፣ ይህ ሶፍትዌር እንዲህ ይጫናል። በእኛ እምነት ይህ ቴክኒሻኑን ይረዳው ይሆናል እንጂ መሐንዲስ አያደርግም። መሐንዲሱ ከሁሉ በፊት መማር ያለበት ቁጥርን መጠርጠር ነው።

ለምን እንደሆነ አንድ አደጋ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1995 በካሊፎርኒያ፣ ከኤድዋርድስ የአየር ኃይል ጣቢያ አቅራቢያ፣ ኤክስ-31 የተባለ የአሜሪካና የጀርመን የጋራ የሙከራ አውሮፕላን ወደቀ። ከዚያ በፊት በአፍንጫው ላይ የነበረው ፍጥነት መለኪያ ቱቦ ኪል በሚባል ሌላ ዓይነት ተተክቶ ነበር። ለውጡ ምክንያት ነበረው፤ አውሮፕላኑ አፍንጫውን በጣም ቀና አድርጎ ሲበር አዲሱ የተሻለ ልኬት ይሰጣል። ነገር ግን የቀድሞው ማሞቂያ ነበረው፣ ለአዲሱ አልተገናኘለትም። የማሞቂያው ማብሪያ ኮክፒት ውስጥ እንደ ድሮው ተቀምጧል፤ አብራሪውም አበራው። የሚሠራ መስሎታል። ቱቦው በበረዶ ተደፈነ፤ ኮምፒውተሩም የተሳሳተውን ፍጥነት አምኖ በዚያ ስሌት አውሮፕላኑን ማዘዝ ቀጠለ። መሬት ላይ ካለው የቁጥጥር ክፍል ማሞቂያው እንዳልተገናኘ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ መልእክቱ ለአብራሪው የደረሰው ግን በመጨረሻው ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ የአየር መረጃውን ትቶ እንዲበር የሚያደርግ አማራጭም ነበረው፤ ማንም አልመረጠውም። አብራሪው በመቀመጫው ተወርውሮ በመውጣቱ ጉዳት ቢደርስበትም ሕይወቱ ተረፈ።

እዚህ ላይ ሴንሰሩን የመረጠው ሰው ሒሳብ አልተሳሳተም። የጎደለው ነገር አንድ ለውጥ ማንን እንደሚነካ መጠየቅና ለሚመለከተው ሁሉ መንገር ነበር። ማኑዋል ይህን አያስተምርም።

የተሳሳተ ቁጥር ዋጋው ምን እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019 ቢሾፍቱ አካባቢ 157 ሰዎች ያለቁበት አውሮፕላን የሙከራ አውሮፕላን አልነበረም፤ መደበኛ የመንገደኞች በረራ ነበር። የምርመራው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት እንዳሳየው ግን ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ክንፉ ከአየሩ ጋር ያለውን አንግል የሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች ተለያዩ፤ የግራው 74.5 ዲግሪ ሲደርስ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ሶፍትዌሩ ግን የግራውን ብቻ ሰማ። እንዲህ ያለው ድክመት መገኘት የነበረበት መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት ነው፤ የሙከራ ጊዜ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ሥልጠናው ምን ይዘት ይኑረው? ልኬቱ የሚሄድበትን መንገድ፣ ከሴንሰሩ እስከ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ድረስ፣ ተከትሎ መሄድ አለበት ብለን እናምናለን። በየቦታው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቁጥሩ እዚህ ላይ ሊዋሽ የሚችለው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ካሊብሬሽን አለ። መድረሳ የተማርን ልጆች ኢስናድን እናውቃለን፤ ማን ከማን ሰማ የሚል ሰንሰለት ነው። ሴንሰርም ሰንሰለት አለው። በየትኛው መለኪያ ተፈተሸ፣ ያ መለኪያስ በየትኛው፣ እየተባለ እስከ ብሔራዊው መለኪያ ይወጣል። መሐል ላይ አንዱ ከጠፋ ቁጥሩ ምንም ቢያምር ደዒፍ ነው። (ንጽጽሩ ለማስረዳት ያህል ብቻ ነው።)

ቀጥሎ ናሙና አወሳሰድ ይመጣል፤ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። ፍለተር የሚባል ነገር አለ፤ ፍጥነት ሲጨምር ክንፍ ወይም ጅራት መንቀጥቀጥ ይጀምርና በሰከንዶች ውስጥ ሊገነጠል ይችላል። ክንፉ በሰከንድ 40 ጊዜ ይንቀጠቀጣል እንበል። መቅጃው በሰከንድ 50 ናሙና ብቻ ከወሰደ ስክሪኑ ላይ የሚታየው በሰከንድ 10 ጊዜ የሚሆን ረጋ ያለ እንቅስቃሴ ነው። መስመሩ ንጹሕ ነው፣ ምንም ብልሽት አይታይበትም፤ ግን ውሸት ነው። ከተቀዳ በኋላ የሚያርመው ሶፍትዌር የለም፤ እውነተኛ 10 ከሐሰተኛ 10 አይለይምና። መፍትሔው ናሙናውን ማብዛትና ምልክቱ ዲጂታል ከመሆኑ በፊት በፊልተር ማሳለፍ ነው። የቁጥጥር ክፍሉ «ቀጥል» ወይም «አቁም» የሚለው ይህን መስመር አይቶ ስለሆነ፣ ሠልጣኙ ስሌቱን በወረቀት ብቻ ሳይሆን በዓይኑ አይቶት መውጣት አለበት።

ሰዓትም አለ። በሰከንድ 250 ሜትር የሚበር አውሮፕላን ላይ የሁለት መቅጃዎች ሰዓት በ0.1 ሰከንድ ከተለያየ 25 ሜትር ይሳሳታል። የመትከያ ቦታም እንዲሁ ነው፤ አውሮፕላኑ ራሱ በዙሪያው ያለውን አየር ስለሚረብሽ ያልተረበሸ ግፊት ለማግኘት ከጅራቱ ኋላ ጫፉ ላይ ኮን ያለው ረጅም ቱቦ እስከ መጎተት ይደረሳል።

በዓለም ላይ የበረራ ሙከራ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው። በእንግሊዝ ቦስኮም ዳውን ላይ በ1943 የተመሠረተው ኢምፓየር የሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት፣ በፈረንሳይ ኢስትር ያለው ኤፕነር፣ በአሜሪካ ሞሃቪ ያለው ብሔራዊ የሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት ይጠቀሳሉ። ረጅሞቹ ኮርሶች አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃሉ፤ አብራሪና መሐንዲስ አብረው የሚማሩባቸው መሆናቸው ትልቅ ቁም ነገር ነው። መለኪያውን በሚመለከት ደግሞ የኔቶው አጋርድ በ1974 መሠረታዊ መርሆቹን በመጽሐፍ አውጥቶ በ1994 አሻሽሎታል።

ሥልጠና የሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይውሰድ ብንባል ፈተናውን እንመርጣለን። ለሠልጣኙ የሚሠራ ሲስተም ሳይሆን ሆን ተብሎ የተበላሸ ይሰጠው። አንዱ ሴንሰር ተገልብጦ የተተከለ፣ አንዱ ፊልተሩ የወጣ፣ የአንዱ የካሊብሬሽን ፋይል የሌላ ሴንሰር ይሁን። «ምን ታነባለህ?» ሳይሆን «የትኛውን አታምንም? ለምን?» ይባል። ከዚያም ለውጡን ምንም ጊዜ ለሌለው አብራሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገር። ኤሌክትሪካሉና ሜካኒካሉ ጥንድ ሆነው ቢፈተኑ ደግሞ የተሻለ ነው።

እዚህ ሆነን ምን ይጠቅመናል የምትሉ ትኖራላችሁ። በ2019 መጨረሻ ወደ ህዋ የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት ከእንጦጦ ጣቢያ ጋር የተነጋገረችው በቴሌሜትሪ ነው። ድልድይና ግድብ የሚለካበት ስትሬን ጌጅም ክንፍ ላይ ከሚለጠፈው ጋር አንድ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት የምታስቡ ልጆች ስትሬን ጌጅ፣ ርካሽ ማይክሮኮንትሮለርና የብረት ማስመሪያ ይበቋችኋል። ማስመሪያውን ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እሰሩት፣ አንቀጥቅጡት፣ በሁለት የተለያየ የናሙና ፍጥነት ቅዱት፣ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከሌላ ዲፓርትመንት አንድ ጓደኛ መጨመር እንዳትረሱ።