የጨዋታ መሣሪያዎች ለሂሳብ ትምህርት ያላቸው ፋይዳ

የሂሳብ ትምህርት ዋነኛ ዓላማ ተማሪው በክፍል ውስጥ የቀሰመውን ዕውቀት በገበያ፣ በሥራ ቦታና በቤቱ ለሚገጥሙት ችግሮች መፍትሔ እንዲያውለው ማስቻል ነው። ይሁንና በትምህርት ቤት የሚሰጠው ስሌትና በኑሮ ውስጥ የሚሠራበት ስሌት ተለያይተው መታየታቸው በብዙ አገሮች የትምህርት ባለሙያዎችን ሲያነጋግር ቆይቷል። ክፍተቱን ለማጥበብ ከሚቀርቡት አማራጮች አንዱ አርኬድ በመባል የሚታወቁትንና በሳንቲም የሚሠሩትን የጨዋታ መሣሪያዎች ለማስተማሪያነት መጠቀም ነው።

የችግሩን ስፋት በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች መካከል በብራዚል ሬሲፌ ከተማ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመው ይገኝበታል። ተመራማሪዎቹ በጎዳና ንግድ የተሰማሩ አምስት ልጆችን በሥራ ቦታቸው እንደ ደንበኛ ሆነው ሲጠይቋቸው ልጆቹ ከቀረበላቸው የሂሳብ ጥያቄ 98 በመቶውን በትክክል መልሰዋል። ተመሳሳይ ስሌቶች በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲቀርቡላቸው ግን ትክክለኛው መልስ ወደ 37 በመቶ አሽቆልቁሏል። በቃላት ፕሮብሌም መልክ ሲጠየቁ ውጤታቸው 74 በመቶ ገደማ ነበር። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ስሌቱ ትርጉም ባለው ሁኔታ ውስጥ ሲቀርብ የልጆቹ ችሎታ ጎልቶ እንደሚወጣ ነው።

የአርኬድ ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ፖንግ፣ በ1978 ደግሞ ስፔስ ኢንቬደርስ ለገበያ ከቀረቡ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ተስፋፍተዋል። ኳሱ ነጥሮ የሚሄድበት ማዕዘን፣ የዒላማው ፍጥነትና የነጥብ አቆጣጠሩ የሂሳብ ይዘት አላቸው። ከዚህም ባሻገር ተጫዋቹ በእጁ ያለውን ውስን ገንዘብ በየትኛው ጨዋታ ላይ ማዋል እንዳለበት የሚያደርገው ውሳኔ ራሱን የቻለ የሂሳብ ጥያቄ ነው።

ለአብነት ያህል በብረት ክንድ አሻንጉሊት የሚያነሳ መሣሪያን እንውሰድ። አንዱ ሙከራ 20 ብር ቢያስከፍል፣ በአማካይ ከ25 ሙከራ አንዱ ቢሳካና አሻንጉሊቱ በገበያ 150 ብር ቢሸጥ፣ ተጫዋቹ አንድ አሻንጉሊት ለማግኘት በአማካይ 500 ብር ያወጣል ማለት ነው። ይህም ከገበያው ዋጋ በ350 ብር ይበልጣል። በሌላ በኩል 24 ጊዜ የተሸነፈ ተጫዋች በ25ኛው ሙከራ ማሸነፉ አይቀርም ብሎ ሊያስብ ይችላል። እያንዳንዱ ሙከራ ከቀደመው ጋር ግንኙነት ከሌለው ግን 25 ጊዜ ሞክሮ ምንም ያለማግኘት ዕድሉ 36 በመቶ ገደማ ነው። ተማሪዎች ይህንን በራሳቸው ስሌት ሲደርሱበት የአማካይንና የፕሮባቢሊቲን ትምህርት ከመረዳታቸውም በላይ በኋለኛው ዕድሜያቸው ከቁማር ኪሳራ ራሳቸውን የሚጠብቁበትን ዕውቀት ይጨብጣሉ።

ሆኖም ማንኛውም ጨዋታ ያስተምራል ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቶማስ ማሎን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ ትምህርትን አጓጊ የሚያደርጉት ተገቢ ፈተና፣ ምናብና የማወቅ ጉጉት መሆናቸውን አመልክተዋል። ካጠኗቸው ጨዋታዎች አንዱ ተማሪው በቁጥር መስመር ላይ የተቀመጡ ፊኛዎችን ሥፍራ በክፍልፋይ ገምቶ በቀስት የሚመታበት ነው።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናትም ይህንኑ ሐሳብ ያጠናክራል። ማካፈልን ለማስተማር ከተዘጋጁት የአንድ ጨዋታ ሁለት ዓይነቶች በአንደኛው ተጫዋቹ ባላጋራውን የሚያሸንፈው ቁጥሩን ያለቀሪ የሚያካፍል መሣሪያ ሲመርጥ ነው፤ በሌላው ደግሞ የማካፈል ጥያቄዎቹ ከጨዋታው ተነጥለው በየደረጃው መጨረሻ ይቀርባሉ። ሂሳቡ ከጨዋታው ጋር የተዋሐደበት የመጀመሪያው የተሻለ ውጤት ያስገኘ ሲሆን፣ ልጆቹም ምርጫው ለእነርሱ ሲተው በእርሱ ላይ ሰባት እጥፍ ያህል ጊዜ አሳልፈዋል።

ዘዴው የግድ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ሕፃናት ከ1 እስከ 10 በተጻፈበት ቀላል ሰሌዳ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ15 ደቂቃ ያህል መጫወታቸው የቁጥር ግንዛቤያቸውን አሻሽሏል። በቁጥር ፋንታ ቀለማት በተቀቡበት ሰሌዳ የተጫወቱት ግን ተመሳሳይ ለውጥ አላሳዩም። በአገራችንም ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የዘገቡት የገበጣ ጨዋታ ጠጠር መቁጠርን፣ ማከፋፈልንና የሚቀጥለውን እርምጃ አስቀድሞ ማስላትን የሚጠይቅ በመሆኑ ለዚሁ ዓላማ ሊውል የሚችል ነባር ሀብት ነው።

በመሆኑም በትምህርት ዘርፍ የተሰማሩ የሥራ ኃላፊዎች የጨዋታ መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር ግዥ ከመፈጸማቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ሊያጤኑ ይገባል። እነርሱም የሂሳቡ ይዘት ከጨዋታው ጋር የተዋሐደ መሆኑ፣ መምህሩ ከጨዋታው በኋላ ተማሪዎች ስሌታቸውን እንዲያብራሩ የሚያደርግበት ጊዜ መመደቡ፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ውጤት በአካባቢ ከሚገኙ ቁሳቁሶች በአነስተኛ ወጪ ማግኘት መቻል አለመቻሉ ናቸው። እነዚህ ሳይሟሉ የሚፈጸም ግዥ የመንግሥትን ገንዘብ ከማባከን አልፎ ተማሪውን ከጨዋታ ያለፈ ቁም ነገር ላያስጨብጠው ይችላል።