ስለ ጥንድ ብረት፤ የኤሌክትሪክ ካውያና ማንቆርቆሪያ ሰው ሳይነካቸው ስለሚጠፉበት ምክንያት

የኤሌክትሪክ ካውያ ባለበት ቤት የገባ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ሳያይ አይቀርም። ካውያው ከሶኬት ከተሰካ በኋላ ትንሺቱ መብራት ትበራለች፤ ጥቂት ቆይቶ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማና መብራቲቱ ትጠፋለች፤ ደግሞም ሰው ሳይነካት ተመልሳ ትበራለች። ልጆች ይህን የሚያደርገው ምንድር ነው ብለው መምህራቸውን የጠየቁ እንደሆነ፣ መሣሪያው እንዲህ ተሠርቷል ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። በካውያው ውስጥ ያለው ጠባቂ ከጣት የማይረዝም የብረት ቅጠል ነው፤ አሠራሩንም የገጠር ልጅ ሊያስተውለው ይችላል። ነገሩን መማር የሚያስፈልገው ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ይህን ጠባቂ ጥቅሙን ካለማወቅ የተነሣ ከዕቃው የሚያስወግዱት ሰዎች ስላሉ ቤት የሚቃጠልበት፣ ነፍስም የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

አስቀድሞ ስለ ብረት ጠባይ እንናገር። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲበርድ ያጥራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ በደረሰውና በአዳማ ጣቢያ ያልፍ በነበረው በቀድሞው የምድር ባቡር የተሳፈሩ ሽማግሌዎች፣ መንኰራኵሩ በየጥቂቱ ሲንኳኳ የሰሙትን ድምፅ ያስታውሱታል። ድምፁ የሚመጣው ከሐዲዱ መጋጠሚያ ነው፤ በዚያ ስፍራ ሆን ተብሎ ክፍተት ይተዋልና። ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ የብረት ሐዲድ ከሌሊቱ ብርድ ወደ ቀኑ ሐሩር ሲሻገር፣ ማለት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር፣ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ክፍተቱ ባይተውለት ኖሮ በአዋሽ ቆላ ፀሐይ መሄጃ አጥቶ በተጣመመ ነበር።

ነገር ግን ማዕድን ሁሉ እኩል አይረዝምም። አንድ ሜትር ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲጨምር፣ አንድ ሜትር ናስ ግን ወደ 1.9 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። እንግዲህ የብረት ቅጠልና የናስ ቅጠል ጎን ለጎን ተጣብቀው አንድ የሆኑ እንደሆነ ምን ይሆናል? ገበሬ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። በአንድ ቀንበር ከተጠመዱት በሬዎች አንዱ ፈጥኖ ሁለተኛው ቢያዘግም ቀንበሩ ወደ ዘገምተኛው በኩል ይዞራል። ሁለቱ ማዕድናትም እንዲሁ ናቸው፤ ናሱ እየረዘመ ይቀድማል፣ ብረቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ መለያየትም ስለማይችሉ ቅጠሉ ወደ ብረቱ በኩል ይጎብጣል። ሲበርድም ተመልሶ ይቃናል። የውጭ አገር ሊቃውንት ይህን ባይሜታል ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ጥንድ ብረት እንለዋለን።

የጥበቡ ፍሬ ያለው ከዚህ ላይ ስለሆነ በቍጥር እንየው። ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የሁለቱ ውፍረት በድምሩ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥንድ ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ናሱ ብረቱን የሚበልጠው በ0.07 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ከአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት እንኳ ያነሰ ስለሆነ ዓይን አያየውም። አንደኛው ጫፍ ተይዞ ቢሞቅ ግን ሁለተኛው ጫፍ ከቦታው ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ ይላል። የማይታየው ልዩነት በመጣበቃቸው ምክንያት ሰባ ጊዜ ያህል ተባዝቶ ይታያል፤ አምስት ሚሊ ሜትር ደግሞ የኤሌክትሪክን መንገድ ለመክፈትም ለመዝጋትም ከበቂ በላይ ነው።

ይህን ብልኃት ያገኘው ጆን ሃሪሰን የሚባል እንግሊዛዊ አናጢ ነው፤ ኋላም ሰዓት ሠሪ ሆነ። በባሕር ላይ የሚሠራ ትክክለኛ ሰዓት ለማበጀት ሲደክም፣ ሙቀትና ብርድ ሰዓቱን እያፈጠኑና እያዘገዩ አስቸገሩት። ከ1740 እስከ 1759 በሠራው በሦስተኛው የባሕር ሰዓቱ ውስጥ የናስና የብረት ቅጠል በችንካር አጣብቆ አገባበት፤ ቅጠሉም በመጉበጡ የሰዓቱን ስሕተት እንዲያርም አደረገ። በኋላም በ1896 ሻርል ኤድዋር ጊዮም የሚባል የስዊስ ተወላጅ 36 እጅ ኒኬል፣ የቀረውም ብረት የሆነ ኢንቫር የሚባል ቅይጥ አገኘ። ኢንቫር በሙቀት የሚረዝመው የብረትን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለጥንዱ ከብረት የባሰ ዘገምተኛ በሬ ሆነለት። ስለዚህና ስለ መሰለው ሥራው ጊዮም በ1920 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

አሁን ወደ ካውያው እንመለስ። ኤሌክትሪኩ ወደ ማሞቂያው የሚያልፈው ሁለት ትንንሽ የብረት ጫፎች በተነካኩበት ስፍራ ነው። ጥንድ ብረቱ ከካውያው ወለል ጋር ተያይዟል፤ ወለሉ ሲግል እርሱም ይግልና ይጎብጣል፣ በጎበጠም ጊዜ ጫፎቹን ያለያያል፣ ኤሌክትሪኩም ይቋረጣል። ወለሉ ጥቂት ሲበርድ ቅጠሉ ይቃናል፣ ጫፎቹም ዳግመኛ ይገናኛሉ። በእጅ የምናዞረው መዘውር ከሥሩ ብሎን አለው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ወይም ሲላላ ቅጠሉ ብዙ ወይም ጥቂት እስኪጎብጥ ድረስ ጫፎቹ ሳይለያዩ ይቆያሉ። ለሐር ጥቂት፣ ለነጠላና ለጥጥ ሸሚዝ ብዙ ሙቀት የምናዝዘው በዚህ ነው።

ጫፎቹ በተለያዩ ቍጥር ትንሽ ብልጭታ ይወጣል፤ ከዓመታት በኋላም ብልጭታው ጫፎቹን ያቃጥላቸዋል። በዚህ ጊዜ ካውያው እንቢ ይላል። አንዳንድ ጠጋኝ ሁለቱን ወገን በሽቦ ያገናኝና «ዳይሬክት አድርጌዋለሁ» ብሎ ለባለቤቱ ይመልስለታል። ካውያው ይሞቃልና የዳነ ይመስላል። እውነቱ ግን በር ጠባቂውን አባርሮ በሩን ወለል አድርጎ መተው ነው፤ ባለቤቲቱ እንግዳ ለመቀበል ወጣ ያለች እንደሆነ የሚያቋርጠው ስለሌለ መጀመሪያ ልብሱን፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን፣ በመጨረሻም ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ከጥገና የተመለሰ ካውያ መዘውሩ በዝቅተኛው ሙቀት ላይ ተደርጎ ይሞከር። ብዙ ደቂቃ ቆይቶ «ቀጭ» ያላለ፣ መብራቱም ያልጠፋ እንደሆነ ወዲያው ከሶኬት ይነቀል፤ ለጠጋኙም አዲስ ጥንድ ብረት እንዲያስገባ ይነገረው።

በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ያለው ጥንድ ብረት መልኩ ይለያል፤ እንደ ሳንቲም ክብና እንደ ሳሕን ጥቂት ጎድጓዳ ነው። የቆርቆሮ ክዳን መካከሉን ሲጫኑት በአንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ወደ ሌላው ወገን እንደሚገለበጥ፣ ይህም ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ ሲደርስ በድንገት ይገለበጣል። ፈጥኖ ስለሚለያይ ብልጭታው ያንሳል፤ ጫፎቹም ዕድሜ ያገኛሉ።

በዚህ ላይ ለአርሲ ደጋ ሰዎች የሚገባ አንድ ነገር አለ። ውሃ በባሕር ዳርቻ በጅቡቲ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አሰላ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ የአየሩ ክብደት በማነሱ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከ4000 ሜትር በሚያልፈው በጭላሎ ራስ ላይ ቢሆን ወደ 87 ዲግሪ ይወርዳል። ከዚህ በላይ እሳት ቢጨመር ውሃው ይተናል እንጂ አይግልም። (የደጋ እናቶች የባቄላ ንፍሮ ለማብሰል ከቆላ እናቶች የበለጠ እንጨት የሚፈጁትም በዚሁ ምክንያት ነው።) እንግዲህ የማንቆርቆሪያው ጠባቂ 100 ዲግሪ ሲደርስ እንዲያቋርጥ ተደርጎ ቢሠራ፣ በአሰላ ያ ሙቀት ስለማይገኝ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ይፈላ ነበር። ሠሪዎቹ ይህን አስበው ክቡን ብረት ከውሃው ውስጥ ሳይሆን በእንፋሎቱ መንገድ ላይ አኖሩት፤ የሚገለበጥበትንም ሙቀት ዝቅ አደረጉት። ውሃው በፈላ ጊዜ እንፋሎቱ በጠባብ ቀዳዳ ወርዶ ይመታዋል፣ እርሱም ያቋርጣል። ክዳኑ ተከፍቶ የቀረ እንደሆነ ግን እንፋሎቱ ወደ ላይ ስለሚበተን ወደ ጠባቂው አይደርስም። ማንቆርቆሪያው አልጠፋ አለ የሚሉ ሰዎች አስቀድመው ክዳኑን ይመልከቱ። በደኅና ማንቆርቆሪያ ሥር ሌላ ጥንድ ብረት አለ፤ እርሱም ውሃ ሳይኖር የተለኰሰ እንደሆነ የሚያቋርጥ ነው።

የእንጀራ ምጣዳችን ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ሙቀቱን የምትመዝነው ጋጋሪዋ ናት፤ ማሰሻውን ስታሳርፍ በሚወጣው ጢስና በእንጀራው ዓይን ታውቀዋለች። ቢሆንም ጥንድ ብረት ከምጣዱ ፈጽሞ አልራቀም፤ በግድግዳው ላይ ባለው ብሬከር ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ምጣዱ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ስለሚስብ ለብቻው ከ16 እስከ 18 አምፔር ይወስዳል። በዚህ ላይ ማንቆርቆሪያ ቢጨመር በብሬከሩ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ጥንድ ብረቱን ያግለዋል፣ ጥቂት ደቂቃም ቆይቶ ያቋርጣል። ወዲያው መልሰው ሲጫኑት እንቢ የሚለው ስላልበረደ ነው፤ መታገሥ ይገባል። ሽቦው ሳይለወጥ ብሬከሩን ብቻ በትልቅ ማስለወጥ ግን ጭድና እንጨት ባለበት የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ሽቦው እንዲግል መፍቀድ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎች ጎረቤቶቻቸውን ሊያስጠነቅቁበት የሚገባ ነገር ነው።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ትምህርት ቤትም ይህን በዓይን ማሳየት ይቻላል። በማስቲካ ወይም በሲጋራ መጠቅለያ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ወረቀት አንዱ ፊቱ ቀጭን አሉሚኒየም፣ ሌላው ፊቱ ወረቀት ነው። መምህሩ ከዚህ ጣት የሚያህል ስፋት ቈርጦ፣ አንዱን ጫፍ በመቆንጠጫ ይዞ፣ ከሻማው ነበልባል አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ያቆየው፤ እንዳይቃጠልም ቀስ እያለ ያቅርበው። አሉሚኒየሙ ሲረዝም ወረቀቱ ስለማይከተለው ቅጠሉ ወደ ወረቀቱ ወገን ይጠቀለላል። ከሻማው ሲርቅም አብዛኛውን ይቃናል፤ ወረቀቱ በሙቀቱ እርጥበቱን ስለሚያጣ ግን ፈጽሞ እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተማሪ አዲስ ቍራጭ ማዘጋጀት ያሻል።