ተላቅቆ የሚጣበቅ ሕዋስ፦ ካንሰርና የፊዚክስ ኃይሎች

በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖር ሰው እምቦጭን ያውቀዋል። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው ይህ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ለዓሣ አጥማጁም ለገበሬውም መከራ ሆኗል። ሥሩን በውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ ይንሳፈፋል፤ ነፋስና ማዕበል ከእናቲቱ ተክል የለዩት ቅርንጫፍ ውኃው ጸጥ ካለበት ጥግ ሲደርስ ያርፋል፤ ባረፈበትም ይራባል። ስለዚህ የአረሙን ስርጭት ለመረዳት ተክሉን ብቻ ሳይሆን ነፋሱን፣ ሞገዱንና ዳርቻውን ጭምር ማጥናት ያስፈልጋል።

ካንሰርን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። በካንሰር ከሚሞቱ ሰዎች አብዛኞቹን ለሞት የሚዳርገው መጀመሪያ የበቀለው ዕጢ ሳይሆን ከእርሱ የተላቀቁ ሕዋሳት በሳንባ፣ በጉበት፣ በአጥንት ወይም በአንጎል ማረፋቸው ነው። ለመሆኑ ሕዋሱ እንዴት ይላቀቃል? የትስ ይጣበቃል? ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የፊዚክስ ኃይሎች በዚህ ጉዞ ያላቸውን ድርሻ ነው።

ብዙዎቹ የሰውነታችን ሕዋሳት በሁለት ዓይነት ፕሮቲኖች ተይዘው ይኖራሉ። ካድሄሪን ሕዋስን ከጎረቤቱ ያያይዛል፤ ኢንተግሪን ደግሞ ሕዋሱን በዙሪያው ካለው የኮላጅን መረብ ጋር ያስረዋል። ሕዋሱ መረቡን ዘወትር ይስባል። መረቡ ለስላሳ ከሆነ ስለሚለጠጥ በማጣበቂያው ላይ የሚያርፈው ኃይል አነስተኛ ነው። ጠጣር ከሆነ ግን ስለማይበገር ኃይሉ ይበረታል፤ ኢንተግሪኖችም ይሰባሰቡና «ተራባ፣ ተንቀሳቀስ» የሚል መልእክት ወደ ሕዋሱ ውስጥ ያስተላልፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ቫለሪ ዊቨርና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት የአይጥ ጤናማ የጡት ሕብረ ሕዋስ ጥጥረት ከ200 ፓስካል በታች፣ የዕጢው ግን 4,000 ፓስካል ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ዕጢው በዙሪያው ያለውን ኮላጅን እያበዛና እያስተሳሰረ ያጠጥረዋል፤ ጥጥረቱም ዞሮ ሕዋሳቱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያላቸውን ትስስር ያላላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎቹ ኮላጅንን የሚያስተሳስረውን ኢንዛይም በአይጦች ላይ ሲገቱት የዕጢው እድገት ዘገየ። እንግዲህ ጥጥረት የበሽታው ምልክት ብቻ ሳይሆን አባባሹም ነው ማለት ነው።

ተላቅቆ ደም ውስጥ የገባ ሕዋስን ሌላ ኃይል ይጠብቀዋል። የሚፈሰው ደም በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ የተጣበቀውን ሁሉ ጠርጎ ለመውሰድ ይጎትታል። ከተጓዦቹ ሕዋሳት አብዛኞቹ በመንገድ ይሞታሉ፤ አንዳንዶቹ በጠባብ ሥር ውስጥ ይሰነቀራሉ፤ ሌሎቹም ግድግዳውን ይዘው ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ፣ በዓሣ ፅንስ ላይ የተመሠረተ ጥናት እንዳሳየው ሕዋሳቱ የሚያርፉት እንደ እምቦጩ ሁሉ ፍሰቱ ዝግ ባለበት ስፍራ ነው። ነገር ግን ፍሰቱ ፈጽሞ ቢቆም አይበጃቸውም፤ ግድግዳው የተጣበቀውን ሕዋስ አቅፎ ወደ ውጭ የሚያሳልፈው በፍሰቱ ኃይል እየታገዘ ነውና።

ይህ ዕውቀት ከቤተ ሙከራ ውጭም ይጠቅመናል። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ሲሆን፣ ብዙዎቹ ታማሚዎች ወደ ሐኪም የሚቀርቡት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። የጡት እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ሆኖም ጠጣር እብጠት «አላመመኝም» ተብሎ የሚተው አይደለም። ተመራማሪዎች በፓስካል የለኩትን ልዩነት እጅም ሊዳስሰው ይችላል። ስለዚህ እናቶቻችንና እኅቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማቸው ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመረመሩ እንንገራቸው፤ ሕዋሱ ገና ከሥፍራው ሳይላቀቅ፣ ሳይቃጠል በቅጠል።