የላይተር «ድንጋይ» ምንነት



ሲጃራ የሚያጤስ ሰው ላይተሩ አልቀጣጠል ሲለው «ድንጋዩ አልቋል» ይላል። ነገር ግን ከሱቅ ተገዝታ የምትገባው ያች ትንሽ ቅንጣት ድንጋይ ሳትሆን ብረታ ብረት ናት፤ እሳቱንም በተለይ የሚሰጣት ሴሪየም የሚባለው ንጥረ ነገር ነው።

ሴሪየም «ብርቅ አፈሮች» ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ስሙ ግን ያሳስታል፤ በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ ጋር ይቀራረባልና። አስቸጋሪው ነገር ከዘመዶቹ ጋር ተደባልቆ መገኘቱና መለየቱ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1803 ዓ.ም. በስዊድን በርዜሊየስና ሂሲንገር፣ በጀርመንም ክላፕሮት፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይጠብቅ መኖሩን ደረሱበት። ስሙንም ያገኘው በ1801 ዓ.ም. ከታየችው ሴሬስ ከምትባል ትንሽ ፈለክ ነው።

መልኩ ብር ይመስላል፤ በቢላዋ ለመቆረጥ የሚበቃ ልስላሴ አለው፤ ነፋስ ሲያገኘው ወዲያው ይደበዝዛል። የሚቀልጠው በ795 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሲፋቅ ብናኙ በአየር ውስጥ መቀጣጠሉ ነው። የኦስትሪያው ሊቅ አወር ፎን ቬልስባኽ በ1903 ዓ.ም. ሴሪየም የሚበዛበትን ድብልቅ ከብረት ጋር አዋሕዶ፣ 70 እጁን ከዚያ፣ 30 እጁን ከብረት አድርጎ፣ ይህን የእሳት «ድንጋይ» ሠራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። አባቶቻችን ባልጩትን ከብረት ጋር ሲያጋጩ ይፋቅ የነበረው ብረቱ ነው፤ ፍንጣሪውም የብረቱ ነበር። በላይተር ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ጠንካራው መንኰራኵሩ ሲሆን፣ ተፍቆ የሚነደው «ድንጋይ» የምንለው ነው።

ስለዚህ ልጆች እነዚህን ቅንጣቶች ሰብስበው እንዳይፈጩ መከልከል ይገባል። ብናኙ ቢነድ ውሃ ማፍሰስ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የጋለ ሴሪየም ከውሃ ሃይድሮጂን ያወጣልና፣ ሃይድሮጂንም ራሱ ይነዳል። በደረቅ አሸዋ ማፈን ይሻላል።

ይኸው አወር ቀደም ሲል ለጋዝ መብራት የሚሆነውን፣ በማሾም የምናውቀውን የመረብ ከረጢት አሻሽሎ ነበር። ከረጢቱ በአብዛኛው በቶሪየም የተነከረ ሲሆን፣ ሴሪየሙ ከመቶ 1 እጅ ያህል ብቻ ነበር። ቶሪየም ጨረር ስለሚያመነጭ ከጊዜ በኋላ ብዙዎች ፋብሪካዎች ትተውታል። ነገር ግን በዚያ በቀድሞው ከረጢት ውስጥ ያች አንድ እጅ ሴሪየም ባትኖር ኖሮ ብርሃኑ ደብዛዛ ሆኖ ይቀር ነበር።