በእርግዝና ጊዜ የሚያጋጥም ማቅለሽለሽና ማስታወክ

ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሣ ያቅለሸልሻታል። የሽንኩርት ቁሌት ሲሸታት ትሸሻለች፤ እስከ ትናንት ትወደው የነበረው ቡና ዛሬ ሲቆላ ከቤት ያስወጣታል። ከ10 ነፍሰ ጡር ሴቶች 7ቱ ወይም 8ቱ በመጠኑም ቢሆን ይህ ያጋጥማቸዋል። ብዙውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምርና በ9ኛው ሳምንት ገደማ ይበረታል፤ አብዛኞቹን እናቶች ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ሲደርሱ ይተዋቸዋል። የጠዋት ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ቀንም ሆነ ማታ ሊመጣ ይችላል።

ምክንያቱ ሴትየዋ ስለተሞላቀቀች ወይም እርግዝናውን ስላልፈለገችው አይደለም። ፅንሱና የእንግዴ ልጁ የሚያመነጯቸው ሆርሞኖች ናቸው። በተለይ ጂ.ዲ.ኤፍ. 15 የተባለው ሆርሞን ትልቅ ድርሻ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የባሏ ጠረን እንኳ ሊያስጠላት ይችላልና ባል ይህን እንደ ጥላቻ አይቁጠረው። ይልቅ ወጡን እሱ ቢሠራላት ይሻላል።

ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያብሰዋል። ማታ ጥቂት ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ ከአልጋዋ አጠገብ አኑራ፣ ጠዋት ገና ሳትነሣ ብትቀምስና ጥቂት ቆይታ ቀስ ብላ ብትነሣ ይቀላታል። በቀን ሦስት ጊዜ ጠግቦ ከመብላት ይልቅ አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት ይበጃል። ቅባትና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለጊዜው ይቅር። ውሃውን ከምግብ ጋር ሳይሆን በመካከሉ ፉት እያለች ትጠጣ። የዝንጅብል ሻይም ብዙዎችን ይረዳል። የምትጾም እናት ሆዷ ረጅም ሰዓት ባዶ ስለሚሆን ጉዳዩን ለሃይማኖት አባቷ ብታማክር መልካም ነው። የብረት እንክብሉ ካባሰባት ደግሞ በራሷ ከማቆም ለጤና ባለሙያው ትንገር፤ የሚወሰድበት ሰዓት ሊለወጥላት ይችላል።

መድኃኒት ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ፣ ጤና አዳምና ኮሶ የመሳሰሉትንም መጠጣት አደገኛ ነው። ታሊዶማይድ የተባለውን መድኃኒት በውጭ አገር ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከገበያ መውጣት እስኪጀምር በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወልደዋል። ዛሬ ግን ሐኪም የሚያዛቸው ደህና መድኃኒቶች አሉ፤ ቫይታሚን ቢ 6 ብቻውን ወይም ከዶክሲላሚን ጋር አንዱ ነው።

«ወግ ነው፣ ያልፋል» የሚለው ማጽናኛ የማይሠራበት ጊዜ አለ። ውሃ እንኳ ሆዷ ውስጥ አልረጋ ካለ፣ ሽንቷ ካነሰና ከጠቆረ፣ ስትቆም ካዞራት፣ ደም ካስመለሳት፣ ወይም ክብደቷ ከቀነሰ (60 ኪሎ የነበረች ሴት 3 ኪሎ ብትቀንስ ብዙ ነው) ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። ትኩሳት ካለው ወባ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻዎቹ ወራት ከብርቱ ራስ ምታትና ከዓይን ብዥታ ጋር የመጣ ማስታወክ የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

ጤና ጣቢያ ስትደርስ ሽንቷ ይመረመራል፤ ፈሳሽ ካነሳት በደም ሥሯ ይሰጣታል። በቀን ስንት ጊዜ እንዳስመለሳትና መጨረሻ ሽንት የሸናችበትን ሰዓት አስታውሳ ብትናገር መርማሪውን ይረዳል።