በዲላ የመንግሥት ሠራተኛው የምሳ ምርጫና የከሰዓት በኋላው አገልግሎት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላ፣ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቅባት ከተማ ናት። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ከክልሉ የማዕከል ከተሞች አንዷ በመሆኗ፣ ከዞኑና ከከተማው ሠራተኞች በተጨማሪ የክልል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችንም ታስተናግዳለች።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በተለመደው አሠራር የምሳ ዕረፍት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ሲሆን፣ ዓርብ ከ5፡30 ስለሚጀምር ሁለት ሰዓት ይሆናል። መሄድ፣ ማዘዝ፣ መመገብና መመለስ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጠናቀቅ ስላለባቸው የምሳው ምርጫ በዋጋ ብቻ አይወሰንም። ለምሳ ሲኬድ ቁልቁለት የነበረው መንገድ ሲመለሱ ዳገት ነው። በየቀኑ በባጃጅ መመላለስም በወር ደመወዝ ላይ የሚታይ ወጪ ያስከትላል።

አውራ ጎዳናውን ተከትለው የሚገኙ ምግብ ቤቶች መንገደኛውንም ስለሚያስተናግዱ ጥብስና ክትፎን የመሳሰሉ ምግቦች ያቀርባሉ። ይሁንና የሥጋ ምግብ ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን፣ ጥብስ ከታዘዘ በኋላ ስለሚሠራ ጊዜ ይወስዳል። ሽሮ፣ ምስርና በያይነቱ ግን ወጡ አስቀድሞ ስለሚሰናዳ ፈጥነው ይደርሳሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙም ያገለግላሉ።

የአካባቢው መለያ የሆነው ምግብ የእንሰት ውጤት የሆነው ቆጮ ነው። እንሰትን፣ ቡናንና የአገር በቀል ዛፎችን አጣምሮ የያዘው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም የፕሮቲን ይዘቱ አነስተኛ በመሆኑ ከአይብ፣ ከሥጋ ወይም ከጥራጥሬ ወጥ ጋር መመገቡ ይመከራል። ክትፎ ለሚመርጡም በሚገባ የበሰለው ከኮሶ ትል ይጠብቃል።

ሦስተኛው አማራጭ ከቤት በምሳ ዕቃ ይዞ መምጣት ነው። ወጪንም ዳገትንም ያስቀራል። ሆኖም ጠዋት የተቋጠረ የሥጋ ወይም የወተት ተዋፅኦ ምግብ ለሰዓታት በሞቃት ክፍል ከቆየ ሊበላሽ ስለሚችል፣ በቀዝቃዛ ቦታ ማቆየትና በሚገባ አሙቆ መመገብ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ከሠራተኛው ማዕድ ባለፈ ተገልጋዩን ይመለከታል። ከቡሌ፣ ከገደብ ወይም ከኮቾሬ ወረዳ ማልዶ የተነሣ ባለጉዳይ 6፡30 ላይ በሩ ቢዘጋበት አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ሠራተኛው 8፡00 ሰዓት ላይ ቢመለስ ግን ባለጉዳዩ የመመለሻ ተሽከርካሪ ሊያመልጠው፣ ለአዳርና ለተጨማሪ ቀን ወጪ ሊዳረግ ይችላል። ለሠራተኛው የሠላሳ ደቂቃ መዘግየት የሆነው ለአርሶ አደሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

በመሆኑም ርቀው የሚመገቡ ሠራተኞች ምሳቸውን አስቀድመው በስልክ ቢያዝዙ፣ የሥራ ባልደረቦች በጋራ የሚመገቡበትን ረዘም ያለ ምሳ ወደ ዓርብ ቢያዛውሩ፣ ተገልጋይ የሚበዛባቸው ክፍሎችም በተራ ወጥተው እንዲመገቡ ቢደረግ፣ ሠራተኛው ምሳውን ተረጋግቶ ይበላል፤ ባለጉዳዩም በዕለቱ ተስተናግዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።